ቀና ያደረግኩት አበባ

ጥር 6፣ ሰኞ
ከጠዋት እስከ ማታ ደረቅ አበባ ሳገላብጥ ዋልኩ። አቧራው አፍንጫዬን ደፈነው። ቁም ሣጥኑ ብረት፣ ጠረጴዛው ብረት... እኔም ወደዚያው ሳልጠጋ አልቀርም።

የኦርኪዶቹ ጥናት መጋቢት ሠላሳ ያልቃል ብያለሁ፤ ያልቃል። ሙቅና ርጥብ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ የሚበቅል አንድ ወገን፣ በውስጡ አሥራ አንድ ዝርያ። የዘጠኙን መልክ፣ ልክና መለያ ጽፌ ጨርሻለሁ። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው አንገት ደፊው፦ የአበባ ዘንጉ ከቅርንጫፍ ቁልቁል ይንጠለጠላል፣ ከንፈሩ፣ ማለት ያቺ ሰፊዋ ባለ ነጠብጣብ የአበባ ቅጠል፣ ወደ መሬት ታያለች። ሁለተኛው ቀና ባዩ፦ ዘንጉ ሽቅብ፣ ከንፈሩ ወደ ሰማይ። ቅጽል ስሞቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሳይንስ ስሙ ግን ቀና ባዩ የተሸከመው የአባዬን ስም ነው።

ለዚህ ይሆን ወደ መጨረሻ የገፋሁት?

ጥር 11፣ ቅዳሜ
አባዬ ጋ ሄድኩ። ሥዕሉን ዛሬም ገልብጦ ሰቅሎታል። የዕፅዋት ጥናት ተቋማችን ፕሮፌሰር ዝርያውን ሲሰይም አሠርቶ የሰጠው፣ ዘንጉንና አበባውን ብቻ የሚያሳይ ሥዕል ነው፤ ከሥሩ ስሙ በትልቁ ተጽፏል። እኔ አቃናዋለሁ፣ በሳምንቱ ስመለስ ተዘቅዝቆ አገኘዋለሁ። ስንት ዓመታችን እንዲህ ስንጓተት... ዐይኑ ደክሞ ነው እላለሁ። ዛሬም አቃናሁት። አየኝና ሻይ ሊያፈላ ገባ።

ሠላሳ ዓመት የተቋሙ ሹፌር ነበር። በሃምሳ አምስት ዓመቱ፣ አብረውት የሄዱት ተማሪዎች ከጭቃ መኪና ሲገፉ፣ እሱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያን ተክል ቆርጦ አወረደ። አበባ በስሙ የተሰየመለት ሹፌር ሌላ የለም። ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ እንኳ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ያወራል። "አበባ አለኝ" ነው የሚለው፤ ሌላው ሰው ቤት አለኝ እንደሚለው።

ጥር 20፣ ሰኞ
ቀና ባዩን አወጣሁት። በዓለም ላይ ያለው ናሙና ይሄ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ማንም አላገኘውም። ጫካው አለ፣ ሰው እየሄደ ይፈልጋል፣ የሚገኘው ግን ሁሌ አንገት ደፊው ነው።

አንዷን አበባ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ዘርግቼ ለካኋት። ከንፈሩ፦ ከአንገት ደፊው ጋር እኩል። የነጠብጣቡ አደራደር፦ ያው። ሌላውም ሁሉ ያው። የሚለያቸው አቅጣጫቸው ብቻ ነው። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች።

ወረቀቱን ሳልመልስ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ።

ጥር 21፣ ማክሰኞ
ዘንጉ ሥር እጥፋት አለ። በአጉሊ መነጽር አየሁት። ቆዳው በአንድ በኩል ተጨማዷል፣ በሌላው ተሰንጥቋል። ደርቆ የተሰበረ አይደለም። ርጥብ ሳለ ሰው ያጠፈው ነው።

ከዚያ ክሩን አየሁ። ናሙና ወረቀት ላይ የምንሰፋው በነጭ ክር ነው። ይሄኛው በአረንጓዴ ነው የተሰፋው።

ክው አልኩ። ከእማዬ የስፌት ቅርጫት ያመጣሁት ክር ነው። ነጩ አልቆ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አባዬ ለምኖ ካስቀጠረኝ ገና አንድ ወር፣ በእጄ የሰፋሁት የመጀመሪያው ናሙና። ተክሉ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ። ዘንጉ ወደ ታች ተዘርግቶ ከወረቀቱ ጠርዝ ያልፋል። የጠወለገ መሰለኝ። በሙቅ ውሃ አለስልሼ ወደ ላይ አጠፍኩት፣ ጠፍጥፎ የሚያደርቀው መጫኛ ውስጥ አስገብቼ አጠበቅኩት። አሳመርኩት ብዬ ደስ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፕሮፌሰሩ ከውጭ አገር ተመልሶ አየው፤ "ይሄማ አዲስ ዝርያ ነው" አለ።

አዲሱን ዝርያ የፈጠርኩት እኔ ነኝ ማለት ነው? በሙቅ ውሃ?

ጥር 22፣ ረቡዕ
ትዝታ ማስረጃ አይሆንም። ርጥብ ተክል ማየት አለብኝ።

የካቲት 8፣ ዓርብ
አምና ከዚያው ጫካ የመጣው ተክል መስታወት ቤት ውስጥ አበበ። አትክልተኛዋ ራሷ መጥታ ጠራችኝ። ቁልቁል ተንጠልጥሏል፣ ቢጫ፣ ከንፈሩ ወደ መሬት። አንገት ደፊው፣ ምንም ጥያቄ የለውም።

ያኔ ያደረግኩትን ደገምኩ። ዘንጉን በሙቅ ውሃ በራሰ ጨርቅ ይዤ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ አጠፍኩት፣ በዱላ ደግፌ አሰርኩት።

"ምን በደለሽ ዶክተር?" አለች አትክልተኛዋ። "አንገቱን እኮ እያነቅሽው ነው።"
"ድሮም አንዴ አንቄዋለሁ። እያጣራሁ ነው።"
"እንዲህ ያለ ማጣራት ሰው ላይ ቢሆን ያሳስርሻል።"

የሥዕሉን ፎቶ አጠገቡ ያዝኩ። ቁርጥ ራሱ። ቀና ባዩ የሚባል ዝርያ በዓለም ላይ የለም። ያለው አንገት ደፊው ነው፣ እኔ ቀና ያደረግኩት። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ሁለቱ አንድ ከሆኑ ቀድሞ የወጣው ስም ይጸናል። የአባዬ ስም ይወርዳል።

ዘንጉን ፈታሁት። አትክልተኛዋ ውሃ ረጨችለት፣ ይቅርታ የምትጠይቅለት ትመስል ነበር። እኔ ቢሮ ገብቼ አለቀስኩ።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ
ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ። ጡረታ ከወጣ ቆየ፣ ድምፁ ግን ያው የክፍል ድምፅ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ክሩን፣ ሙቅ ውሃውን፣ ልኬቱን።

"ርጥቡን ሳላይ መሰየም አልነበረብኝም" አለ። "ጥፋቱን ብቻሽን አትሸከሚው።" ከዚያ ቀስ ብሎ... "አባትሽ ስንት ዓመቱ ነው?"
"ሰማንያ አንድ።"
"እና ትንሽ ብትቆዪ ምን ይመጣል? አሁን አሥራ አንድ ብለሽ አውጪው። በኋላ ታስተካክይዋለሽ።"
"ምን እስኪሆን ነው የምቆየው፣ ፕሮፌሰር?"

ክፉ ሰው አይደለም። ለአባዬ አዝኖ ነው ያለኝ። ክፋቱ፣ ሐሳቡ እሱ ከመናገሩ በፊት ለእኔም መጥቶልኝ ነበር።

የካቲት 13፣ ረቡዕ
አይሆንም። የአባቴን ሞት እየጠበቅኩ ሥራ አልሠራም። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ በስሙ አላትምም። እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ለእሱ፣ ከዚያ ለዓለም። ከጋዜጣ ወይም ከሌላ ሰው አይሰማም።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ
ሄድኩ። ሻይ ጠጣሁ። ሥዕሉን አቃናሁ። አልነገርኩትም።

የካቲት 23፣ ቅዳሜ
ዛሬም ሳልነግረው ተመለስኩ። አንድ ጎረቤት ተቀምጦ ስለነበር ስለ አበባው ያወራለት ነበር። እንዴት በዚያ መሀል...? ምክንያት ነው። ሁሌ ጎረቤት አይጠፋም።

መጋቢት 1፣ እሑድ
የአንገት ደፊውን ምዕራፍ ጨረስኩ። ቀና ባዩን ከሥሩ፣ የተሻረ ስም ብዬ ጻፍኩት። አንድ መስመር ነው። ስጽፈው ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ቅዳሜ እነግረዋለሁ። ጎረቤት ቢኖር አስወጣዋለሁ።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ
ነገርኩት።

እንዳይረሳኝ እንደሆነው ልጻፈው። ብቻውን ነበር፣ መስኮቱ አጠገብ። ሥዕሉ ተዘቅዝቋል። ልቀመጥ ስል ቀደመኝ።

"አታቃኚውም ዛሬ?"
"አባዬ፣ ስለሱ ነው የመጣሁት።"
"ተገልብጧል ልትይኝ ነዋ።"
"አይደለም። ልክ ነህ ልልህ ነው።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። አየኝ።

"ስንት ዓመት ፈጀብሽ?"
"ሃያ ስድስት።"
"ዶክተር ተብለሽም?"
"ተብዬም።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ገና የባሰው አለብኝ። አንተ... ታውቅ ነበር? አልኩት።

"ዛፉ ላይ የወጣሁት እኔ አይደለሁ? እላዬ ላይ ተንጠልጥሎ ግንባሬን እየነካኝ ነው የቆረጥኩት። ሽቅብ የሚያይ አበባ እዚያ አልነበረም።"
"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"
"ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ሲያሳየኝ ልናገር ነበር። 'ጌታዬ፣ ይሄ እኮ...' ብዬ ጀምሬያለሁ። ከዚያ ክሩን አየሁት። የእናትሽን አረንጓዴ ክር አላውቀውም? ሥራ ከገባሽ ወርሽ ነው። እኔ አፌን ብከፍት የሚባረረው ማን ነው?"

ሃያ ስድስት ዓመት በስሙ ሲኮራ ነው ያየሁት። ለእኔ ሲል ዝም ማለቱን አንድ ቀን አላሰብኩም።

"ስምህ ይወርዳል" አልኩት። "እኔ ነኝ የማወርደው።"
"ስሜን መታወቂያዬ ላይ ታገኚዋለሽ።"

ከዚያ ግን ጣቱ የብርጭቆውን አፍ ይዞራል። ቅር ብሎታል፤ አላየሁም ብል ውሸት ነው።

"ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም" አለ። "ጥሩ ነበር። ግን ግድግዳ ላይ ተዘቅዝቆ ማየት አልቻልኩም፤ አበባውን ማለቴ ነው። ስሜ ቢዘቀዘቅ ምን ቸገረኝ?"

ስነሳ በሩ ድረስ ሸኘኝ። "ክሩን ግን አትፍቺው" አለኝ።

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ
ክፍላችን ጥሩ ልማድ አለው፤ ከናሙና ወረቀት ላይ የቆየ ጽሑፍ አይፋቅም። የተሳሳተም ቢሆን እንዳለ ይቀመጣል፣ እርማቱ በትንሽ ወረቀት አጠገቡ ይለጠፋል። የአባዬን ስም የያዘው ጽሑፍ ስለዚህ አለ። አጠገቡ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ "ይህ ዘንግ ዛፉ ላይ ሳለ ቁልቁል ነበር። ሳይደርቅ ቀና ያደረግኩት እኔ ነኝ።" ፈረምኩ።

በጥናቱም ውስጥ አንድ ነገር ጨመርኩ። ተክሉን ዛፉ ላይ ሳለ በዐይኑ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው። ቃሉን በቴፕ ቀድቼ፣ ቃል በቃል፣ ከስሙ ጋር በማስረጃነት አስገባሁት። አሳታሚዎቹ "የሹፌር ቃል?" ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ይጠይቁ። ፕሮፌሰሩንም ደውዬ ነገርኩት። "መጀመሪያውኑ መጠየቅ የነበረብኝ እሱን ነው" አለ።

መጋቢት 30፣ ሰኞ
ላክሁት። አሥር ዝርያ።

ሳይመሽ አባዬ ጋ ደረስኩ። የጥናቱን ቅጂ አሳየሁት፣ ቃሉ ያለበትን ገጽ። መነጽሩን አድርጎ ሁለቴ አነበበው። "'ግንባሬን እየነካኝ' የሚለውን አስገብተሻል" አለ። አስገብቻለሁ አልኩት።

ሻይ ሊያፈላ ሲገባ እንደ ልማዴ ተነስቼ ወደ ሥዕሉ ሄድኩ። እጄ ክፈፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ስሙ ከላይ፣ ተዘቅዝቆ። አበባው ከታች፣ ከንፈሩ ወደ መሬት።

አቧራውን ብቻ ጠርጌለት ተቀመጥኩ።