ዲንቂቱን ጭንቅላቴ ውስጥ ማን ያስገባልኛል?

ሰልሳቢልዬ፣

ፖስት ካርዱ ላይ ያለውን የደንዲ ሐይቅ እኔም ገና አላየሁትም። ያየሁት ጊንጪ ያለ አንድ ወፍጮ ቤት ነው። ባለቤቱ ኦቦ ኦሊቃ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ናቸው። ለጥናቴ ደም ልወስድ ብሄድ፣ "መጀመሪያ የምታጠኚውን አስረጂኝ" አሉኝ።

ወፍጮውን አሳየኋቸው። "አንጎልዎ ውስጥ እንዲህ ያሉ ደቃቅ ሞተሮች አሉ፤ ማይቶኮንድሪያ ይባላሉ። በእርስዎ የመንቀጥቀጥ በሽታ እነሱ እየተበላሹ ይሄዳሉ። አር ኤን ኤ ከሚባሉት ትንንሽ መልእክቶች ግን አንዳንዶቹ፣ ሞተሩን የሚጎዳውን ትእዛዝ ዝም ያሰኛሉ።"

ኦቦ ኦሊቃ ወደ በሩ ዞሩ። ሚስታቸው አዴ ዲንቂቱ፣ ከጆንያ የማይበልጡ ሴትዮ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሞተሩ ሲግል እጃቸውን ያነሳሉ፤ ሰው ሁሉ እህል መጨመሩን ያቆማል። ወንድማችን ቡርሃን ወፍጮ ቤት ቢሆን ሁሉም እኩል ይጮህ ነበር። ለረመዳን ሞተሩ የተቃጠለው እንደዚያ አይደል?

"ዝም የሚያሰኘው መልእክት ዲንቂቱ ናት በይኛ" አሉ ኦቦ ኦሊቃ። "ታዲያ እሷን ጭንቅላቴ ውስጥ ማን ያስገባልኛል?"

መልእክቱ አንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚገባ አማካሪዬም ከጠየቁኝ ሁለት ዓመት ሆናቸው። መርፌዬን አወጣሁ።

"ከገባሁ አርባ ዓመቴ ነው" አሉ አዴ ዲንቂቱ ከበሩ። ተነስተው መጡና የሚንቀጠቀጠውን ክንድ በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዙልኝ። ቀጥ አለ። ደሙን ወሰድኩ።

ቦታው አለቀብኝ። እማዬን ሳሚልኝ። ቡርሃንን ከአዲሱ ሞተር በፊት ሚስት ይፈልግ በይው።

ናፊሳ