ፀሐይ ያልፈወሰው አጥንት

ጥቅምት 6

ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ጂኦግራፊ፣ ዘጠነኛ ሀ እና ለ። እንደወትሮው ቁጭ ብዬ። ልጆቹ የዓባይን ተፋሰስ ሰሌዳ ላይ ሣሉ፤ እኔ ከወንበሬ ሆኜ አረምኩ።

ከሰዓት ሕሊናን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሦስተኛው የቫይታሚን ዲ መርፌ። አላለቀሰችም፤ ለምዳዋለች። አራት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ቁመቷ የሦስት ዓመት ልጅ ቁመት። እግሮቿ እንደ ቀስት ወደ ውጭ ጎብጠዋል፤ ስትቆም ጉልበቶቿ አይገናኙም።

ቤት ስንገባ ባለቤቴን ጠየቅኋት።

«መቅዲ፣ ፀሐይ ታሞቂያታለሽ?»

«በየቀኑ።»

«ስንት ሰዓት?»

የሕሊናን ጫማ ማውለቅ ያዘች። ጥፋቷን የምትሸፍን መሰለኝ።

ጥቅምት 19

ያለወቅቱ ዝናብ፤ ፀሐይ የለም። «ዛሬማ ሰበብ አገኘሽ» አልኳት መቅዲን። ለምን አልኳት?

ኅዳር 3

ጤና ጣቢያው ሪፈር ጽፎልን ደብረ ማርቆስ ሄድን። የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር አይናዲስ ትባላለች። ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። የደሙን ውጤት ሁለቴ አነበበች። ካልሲየሟ ደህና ነው። ፎስፈረሷ ግን ወርዷል። ሦስት መርፌ ተወግታ ራጁ ምንም አልተለወጠም።

ሕሊና ሽንቷ መጣ፤ መቅዲ ይዛት ወጣች። ዶክተሯ እኔን ታይ ጀመር።

«አባት፣ እስቲ እስከ በሩ ይራመዱልኝ።»

ተራመድኩ።

«ሱሪዎን ከፍ ያድርጉት።»

ከፍ አደረግኩ። ካደግኩ ወዲህ ከመቅዲ በቀር ማንም ያላየውን እግር። ልጅ ሆኜ በቅሎ ጥሎኝ ነው አልኳት።

«ሁለቱንም?»

ይህን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። እንዴት?

«ጥርስዎስ?»

ስድስቱ የሉም። እየመገሉ ነው የወለቁት።

ያለችውን እንዳስታወስኩት ልጻፍ። አጥንት የሚያመነጨው አንድ ሆርሞን አለ። ሲበዛ ኩላሊት ፎስፈረሱን በሽንት ይደፋዋል። አጥንት የሚጠነክርበትን ያጣል። ይህን ፀሐይም የቫይታሚን መርፌም አያቆመውም። የዘር ነው... ከእኔ የመጣ። የምወልዳት ሴት ልጅ ሁሉ ታገኘዋለች። ወንድ ከሆነ ከእኔ አይወርሰውም።

መቅዲ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

«ለእናቷ እኔ ላስረዳት?» አለች ዶክተሯ።

«እኔ እነግራታለሁ» አልኩ።

ሚኒባስ ውስጥ መቅዲ «ምን አለችህ?» ስትል፣ «መድኃኒት ቀየረች» ብቻ አልኳት። እስከ ቤታችን፣ እስከ አምበር፣ በመስኮት የጤፍ ማሳ እያየሁ መጣሁ። ምንም አልተሰማኝም።

ኅዳር 14

መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከልን። እዚህ አይገኝም። አንዱ ጠብታ ነው፤ ሰውነቷ መሥራት ያቃተው፣ ተሠርቶ ያለቀ ቫይታሚን። ሌላው በውሃ የሚበጠበጥ የፎስፌት ዱቄት። በቀን አምስት ጊዜ።

ሕሊና ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች።

«አባዬ፣ ባሕር ጨው ጨው ይላል ያልከኝ... ይኼ ነው?»

ኅዳር 17

ተቅማጥ። ሆዷን ይዛ ታለቅሳለች። ዶክተሯ ጋ ደወልን፤ ቀንሱና ቀስ በቀስ ጨምሩ አለች። መቅዲ ትበጠብጣለች፣ ታጠጣለች፣ ልብስ ትቀይራለች። እኔ ሰዓት እናገራለሁ።

ኅዳር 21

ጽዮን። አክስቴ ወለተ ሐዋርያት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ገባች። ሕሊና ስትራመድ አየቻት።

«ይህች ልጅ ፀሐይ ሳያገኛት አደገች እኮ። የዛሬ እናት ልጇን ቤት ዘግታ ስልክ ስትነካካ...»

መቅዲ ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ቃል ነበር የምትጠብቀው።

እንጀራዬን ቆረስኩ። ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር።

ታኅሣሥ 5

ዲማ፣ እናቴ ዘንድ። ከመኪና ወርጄ በእግር ስሄድ አራት ጊዜ አረፍኩ። ደጅ ተቀምጣ ጎመን ስትቀነጥስ ደረስኩ።

«እማ፣ ያ የጣለኝ በቅሎ የማን ነበር?»

እጇን አላቆመችም።

«የምን በቅሎ?»

«እግሬን የሰበረኝ።»

«እኛ በቅሎ መቼ ነበረንና።»

ከዚያ ጎመኑን አስቀመጠች። የቀሚሷን ጫፍ ይዛ እስከ ጉልበቷ ገለጠችው። የእናቴን እግር አይቼ አላውቅም ነበር። የእኔው እግር ነው።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ልጆች ሳቁብኝ ብለህ እያለቀስክ መጣህ። በቅሎ ጣለኝ በላቸው አልኩህ። በቅሎ በጣለው አይሳቅም።»

ቀሚሷን መለሰች።

«ልጅቱን ያጠፋኋት እኔ ነኝ፣ እንዳላማው?» አለች፣ ሳታየኝ።

«የለም እማ። ማንም አላጠፋ።»

ለእሷ ወዲያው ወጣልኝ። ለመቅዲ ለምን አይወጣልኝም?

ታኅሣሥ 8

ነገርኳት። ልብስ ታጥብ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ኅዳር ሦስት።»

«አክስትህ ስትናገረኝ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

የሕሊናን ሹራብ ጨመቀች። ደግማ ጨመቀች። የሚወጣ ውሃ አልነበረውም።

«ሦስት ዓመት» አለች። «ሦስት ዓመት ራቁቷን ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳት። ትከሻዋ እስኪላጥ። እናትነት አልሆነልኝም ብዬ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ።»

ከዚያ ሆዷን ያዘች።

«ይኼስ?»

«ወንድ ከሆነ ነፃ ነው። ሴት ከሆነች...»

አልጨረስኩም። አላስጨረሰችኝም።

ታኅሣሥ 9

ጉንደ ወይን፣ እኅቷ ዘንድ ሄደች። ሕሊናንና መድኃኒቱን ይዛ።

ታኅሣሥ 23

አስተማርኩ። በላሁ። ተኛሁ።

ጥር 2

አክስቴ ቤት ሄድኩ። ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ነበር። ተቀመጥ አሉኝ፤ አልተቀመጥኩም። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩና ቆምኩ።

«የልጄ እግር ከዚህ ነው የመጣው» አልኩ። «ከእኔ። መቅዲ ምንም አላጠፋችም።»

ወለተ ሐዋርያት አማተበች። ሌላው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ወጣሁ። ማፈር ነበረብኝ፣ ወይ ቀለል ሊለኝ... አንዱም አልመጣ።

ጥር 13

መቅዲ ተመለሰች። አክስቴ ደውላላት ይሆን? አልጠየቅኩም።

«መድኃኒቱ ሊያልቅ ነው» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«አስመጥቻለሁ።»

«የጠዋቱንና የከሰዓቱን አንተ ትሰጣለህ። እምቢ ስትል አንተ ታባብላለህ። ስታስመልስም አንተ ትጠርጋለህ።»

«እሺ።»

ገባች።

መጋቢት 4

መቅዲ ወለደች። ሴት ናት።

አዋላጇ እልል አለች። መቅዲ ሕፃኗን ተቀብላ በመጀመሪያ እግሯን ዳሰሰች። ቀጥ ያለ ነው። እኔን አየችኝ።

ሰኔ 10

አራታችንም ደብረ ማርቆስ ውለን መጣን።

በሕሊና ጉልበቶች መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ሴንቲሜትር ጠቧል። ራጁ ላይ የአጥንቷ ጫፍ መጠንከር ጀምሯል። ኩላሊቷ በአልትራሳውንድ ታየ፤ መድኃኒቱ አልጎዳውም። ትንሿ፣ የክርስትና ስሟ አመተ ሥላሴ፣ በሽታው ይዟታል። የደሟ ውጤት ከሳምንት በፊት ነው የደረሰን። ዛሬ መድኃኒት ጀመረች፤ በሦስት ወሯ፣ እግሯ ገና ሳይጎብጥ። «በጊዜ ነው የመጣችሁት» አለች ዶክተሯ።

ግን ሌላ ነገር ነው የምጽፈው። ጠዋት፣ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ። ከኋላችን ረጅም ሰልፍ።

«ካርዱ ለማን ነው?» አለኝ ጸሐፊው።

«ለልጆቼ። ለሁለት።»

መቅዲ ሕፃኗን እንዳቀፈች በትከሻዬ አልፋ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለች።

«ሦስት አድርገው ወንድሜ። የአባታቸውንም ጻፍ። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ግድግዳ ይዞ ነው፤ ደህና ነኝ ይላል።»

«ዕድሜ?»

ጸሐፊው እኔን አየኝ።

«ሠላሳ ስምንት» አለች መቅዲ።

እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አለቀስኩ። መቅዲ ዞር አላለችም፤ ስሜን ለጸሐፊው ፊደል በፊደል ታስጽፍ ነበር። ሕሊና ጣቴን ያዘችኝ።

«አይዞህ አባዬ፣ ዶክተሯ አትቆጣም።»