ሳንቃና ሰው

እታለም፣ አሠሪዎቼ በገዛ አፌ ሰዎቼን ከሥራ አስወጡብኝ። ይህን ከሰላምታ ያስቀደምኩት፣ ነገሩ ሌላ ቃል አላስጽፍ ስላለኝ ነው።

አሁን እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃ ያስወጣሻል? ዓይንሽስ ይህን ዶሮ የጫረው የመሰለ ጽሕፈቴን ይለቅማል? ባለቤትሽንስ ሳሉ ተወው? እኔ በአካል ደኅና ነኝ። ሰው የማይበት ዓይን ግን አጣሁ።

እንደምታውቂው የምንሠራው በከተማው አናት ላይ በአንድ ሐዲድ ብቻ ለሚሄደው ባቡር የኮንክሪት መንገዱን ነው። ኮንክሪቱ የሚፈስበትን የእንጨት ካሳፎርማ የሚመታው የእኔ ክፍል ነው። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር አዲስ እንሠራለን፤ ኮንክሪቱ ሲደርቅ እናፈርሰዋለን፤ ሳንቃው ተከምሮ ይሰነብትና ማገዶ ይሆናል። በሚስማር ከመምታት በብሎን ብናያይዘው፣ አንዱን ለሌላው ጥምዝ እያስተካከልን ደጋግመን እንሠራበት ነበር። ይህን ስንት ጊዜ ጮህኩ፤ ሰሚ አልነበረም።

ታዲያ በቀደም ወጪ የሚቀነስበት ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ፣ «አባባ፣ ከእርስዎ ክፍል የሚቀነስ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «ሞልቷል! ግማሹ ይቀነስ፤ ተከምሮ ነው የሚውለው» አልኩ። ስለ ሳንቃው ነበር የማወራው። አጨበጨቡልኝ። እኔ ሞኙም እጅ ነሣሁ።

በማግስቱ የግማሾቹ አናጢዎች ስም ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ከሥሩም «በክፍሉ ኃላፊ አስተያየት መሠረት» ይላል። በቁመቱ ቀጭኔ የምንለው አናጢ፣ ሚስቱ ገና አራስ ናት፣ መጋዙን በጨርቅ እየጠቀለለ፣ «ጋሼ፣ እኛም ሳንቃ ነን እንዴ?» አለኝ። እታለም፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ ስለ እንጨት እንደተናገርኩ አስረዳሁት። ሳቀብኝ። «ቅነሳ ያው ቅነሳ ነው አባባ፤ እርስዎ ይቆያሉ፣ ደመወዝም ይጨመርልዎታል» አለ። ሰውየው ከመጀመሪያውም ገብቶታል። «እንግዲያው እኔንም ጨምረህ ቀንስ» ብዬ ውኃ ልኬን ጠረጴዛው ላይ ጥዬለት ወጣሁ።

ይህም ቢሆን ማንንም አልመለሰም። በር ላይ የቆሙት ሰዎቼ መንገድ ለቀቁልኝ፤ «እንደምን ዋሉ» ያለኝ ግን የለም። ቀጭኔ ፊቱን አዞረ። አልፈርድበትም። «ግማሹ» ከማለቴ በፊት «ሳንቃው» ብል ምን ነበረበት? ዕድሜዬን ሙሉ ሌላውን «ለክተህ ቁረጥ» ስል ኖሬ፣ አፌን ሳልለካ ቆረጥኩ።

በሚመጣው ሳምንት እገባለሁ። ያ ያዘነበለ የግቢ በርሽን አቃናልሻለሁ፤ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥብሽም። ባለቤትሽን እግዜር ይማርህ በይልኝ። ታላቋን ልጅሽን፣ በግትርነት እኔን ያስናቀውን አማችሽን፣ እየተነካከሱ የሚያድጉትን መንትዮችም አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ጎረቤት ለምን ተመለሰ ካለሽ፣ ሥራው አለቀ ብለሽ እንዳትዋሺልኝ፤ ይህን አንብቢላቸው። እኔን ግን አንቺም ሆንሽ ሌላ ሰው እንዳትጠይቁኝ። ጽፌዋለሁ፤ ዳግመኛ በአፌ አይወጣም።

ወንድምሽ
ከሠራተኞች ማደሪያ፣ ሰኔ ፲፬ ቀን