በደረቀው ቦኖ አጠገብ

እማዬ፣

ከተለየሽን ይኸው አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስካሁን ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ረስቼሽ አይደለም፤ ደህና ወሬ እስካገኝ ብዬ ነው። አሁን አገኘሁ። ነገ ጠዋት እላይኛው ሰፈር ሴቻ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። ሥራው ሄልፕ ዴስክ ይባላል። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ኮምፒውተር እምቢ ሲላቸው፣ ፓስዎርድ ሲጠፋባቸው ይደውላሉ፤ ስልኩን አንስቶ የሚሰማቸውና መላ የሚፈልግላቸው ሰው ነው የሚቀጥሩት።

ቤቱ ደህና ነው። ቧንቧ ግቢያችን ድረስ ገብቶልናል። አንቺ ሃያ ዓመት ውሃ ያስቀዳሽበት የሲቀላው ቦኖ ግን ተዘግቶ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። የተከልሽው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ፤ ጦጣ ቀደመን እንጂ ልንቀምሰው ነበር።

ምህረት ሳምንቱን ሙሉ ጠያቂ ሆና ስታሰቃየኝ ሰነበተች። ታናሽነቷን ረስታለች። ያንቺን መነጽር አፍንጫዋ ላይ ሰክታ፣ ደብተር ይዛ፣ ጥርሷን ሳታሳይ ትቀመጣለች። ፕሪንተር አልታዘዝ ሲል መጀመሪያ ምን ታያለሽ ትለኛለች። ይህንን አውቀዋለሁ፣ ተምሬዋለሁ። ትናንት ግን የሠራሽውን ስህተትና ከዚያ የተማርሽውን ንገሪን አለችኝ። ከኢንተርኔት ወረቀት ላይ ገልብጬ በቃሌ የያዝኩትን የሌላ ሰው ታሪክ አነበነብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና መነጽሩን አውልቃ፣ እኔ ብሆን አልቀጥርሽም አለችኝ።

ንዴቴ ሲበርድ ያ ቅዳሜ ትዝ አለኝ። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አንቺ ለቅሶ ለመድረስ ካምባ ሄደሽ ቦኖውን ለእኔ ትተሽልኝ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ውሃው ጠፋ። ሰዉ ከቦኝ መቼ ነው የሚመጣው እያለ አፋጠጠኝ። አላውቅም ማለት አስፈራኝና ነገ ጠዋት ይመጣል አልኩ። ቃሉ ካንቺ ቦኖ የወጣ ስለሆነ አመኑኝ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄማ በቀረቻቸው ውሃ ልብስ አጠቡባት። እሑድ ሳይነጋ ተሰለፉ። ጠብታም አልመጣም።

ስትመለሺ አልተቆጣሽኝም። ያለመቆጣትሽ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ። መጀመሪያ ሴቻ ወጥተሽ ውሃ ቢሮ ጠየቅሽ፤ ከዚያ ከእኛ በርሜል ለእትዬ ብርቄ ቀድተሽ፣ እኔን አስከትለሽ በየቤቱ ዞርሽ። ስሜን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳሽም። "ነገ ይመጣል ያልናችሁ ስህተት ነው። ፓምፑ ተበላሽቷል። መቼ እንደሚጠገን አላውቅም፤ ሳውቅ መጥቼ እነግራችኋለሁ" አልሽ በየበሩ።

ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ደረቁ ቦኖ አጠገብ ተቀመጥሽ። ጠዋት ጠዋት ሴቻ ወጥተሽ ትጠይቂያለሽ፤ ተመልሰሽ ያው በርጩማሽ ላይ። የተደረደረው ጀሪካን የማን የማን እንደሆነ አንድ በአንድ ታውቂው ነበር። የሚሳደብ መጥቶ ይሳደባል፤ ጨርሶ እስኪወጣለት ትሰሚዋለሽ። እኔ አፍሬ፣ የሌለ ውሃ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ቤት ግቢ እንጂ አልኩሽ።

"ውሃ ባይኖርም የሚጠየቅ ሰው ይኑር" አልሽኝ።

በአራተኛው ቀን ውሃው ሲመጣ በወረፋ የተጣላ አልነበረም።

እማዬ፣ አንቺን የሚያህል ሠራተኛ እስከ ዛሬ አላየሁም። በሕይወት እያለሽ ይህንን አልነገርኩሽም፤ ለቅዳሜውም ይቅርታ አልጠየቅኩሽም። ይባስ ብዬ ኮሌጅ ስመዘገብ የእናት ሥራ በሚለው ላይ የቤት እመቤት ብዬ ሞላሁ። አላወቅሽም፤ አሁን ዕወቂው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትይ አልነበር?

የኢንተርኔቱን ታሪክ ቀድጄ ጥዬዋለሁ። ነገ ያንን ጥያቄ ከጠየቁኝ፣ እናቴ አስቴር ሲቀላ ቦኖ ላይ ውሃ ታስቀዳ ነበር ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ ዋሽቼ ያሰለፍኳቸውን ሰዎች፣ አንቺም የዞርሽውን በር ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ምህረት ቢስቁብሽስ አለችኝ። ይሳቁ።

ነገ ባይቀጥሩኝ እንኳ አንድ ቀን የሆነ ቦታ ስልክ አነሳለሁ። የደወለው ሰው ተናዶ መቼ ነው የሚሠራው ይለኛል፤ እኔም መልሱን አላውቀውም። ያን ጊዜ አስታውስሻለሁ። አላውቅም እለዋለሁ፤ ጠይቄ እነግርሃለሁ እለዋለሁ፤ እስክነግረውም ከወንበሬ አልነሳም።

ልጅሽ ቤተልሔም