በልጄ አፍ አልናገርም

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12፣ አሶሳ

ልጄ ሰናይት ራት በቀረበ ቁጥር ሆዷን ያማታል። ሐኪም ቤት ምንም አላገኙባትም። አባቷ "ባምባሲ እህቴ ዘንድ ትሂድ" ይላል። ዛሬ የቤተ ክርስቲያናችን አማካሪ ዘንድ ወሰድኳት።

እሱ ግን እኔን ጠየቀኝ። "እህቴ፣ አንቺና ባለቤትሽ የምትነጋገሩት በማን በኩል ነው?"

"በሰናይት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፋሲካ በፊት ጀምሮ።"

"እንግዲያው የታመመው ቤታችሁ ነው። ሕመሙን የተሸከመችው እሷ ነች።"

ተናድጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን አሰብኩት። ማንጎ ስነግድ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ከገበሬው ጋር ፊት ለፊት እንጂ በደላላ ተነጋግሬ አላውቅም። ቤቴ ውስጥ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ደላላ አድርጌያለሁ።

ራት ላይ ባለቤቴ እንደ ልማዱ፣ "ሰናይት፣ እናትሽን ጨው አምጪ በያት" አለ።

"እዚሁ ነኝ፤ ለእኔው ንገረኝ" አልኩት።

አቀርቅሮ ይጎርስ ጀመር። እኔም ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ሰናይት አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ እጇን ወደ ትሪው ሰደደች።

ባምባሲ አትሄድም። ጨው የፈለገ ለእኔው ይናገር፤ እስከዚያ አልጫውን ይብላ።