ወለሉ ሥር ያለው ቧንቧ

ሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 2001

ዛሬ ደግሞ ተጎታች ቤት መጣልን። ወዛደሮች ከሲኒማ ራስ ጀርባ እስከ ወርክሾፑ እየገፉ አስገቡት። መንገዱ ተዘጋ፣ ታክሲው ሁሉ ክላክስ በክላክስ። የሲስተር አበራሽ ነው፤ መንዝ ውስጥ አዋላጅ ናት። ማዋለጃ ክፍል ልታደርገው ነው። ወለሉ ይሙቅልኝ አለች።

"ለምን ወለሉ?" አልኳት።

"እናቶቹ ተንበርክከው ነው የሚወልዱት። ብርዱ ከሥር ይመጣል። ከሰል እንዳላስገባ ጭሱ ይገድላቸዋል።"

ወለሉ ሥር ቧንቧ እንዘረጋለን፣ ውሃውን በጋዝ አሙቀን በትንሽ ፓምፕ እናዞረዋለን። ደስ የሚል ሥራ...

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ፎም አነጠፍኩ፣ ቧንቧውን እያጣጠፍኩ ዘረጋሁ። አለቃዬ ጋሽ ካሳ የገዛው ቧንቧ አነሰ። ቁራጭ አምጥቶ ራሱ ቀጠለው። "ወለል ሥር መገጣጠሚያ አይቀበርም፣ አንድ ወጥ ይሁን" አልኩት።

"አታካብጂ።"

እሺ፣ ቢያንስ ውሃ ሞልተን እስከ ነገ እንየው አልኩ። እናያለን አለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ጠዋት ስገባ የወለሉ ጣውላ ተመትቶ አልቋል። ሳይፈተሽ!

"እኔ ቧንቧ ስገጥም አንቺ አልተወለድሽም" አለኝ።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ለምን ዝም አልኩ? ቧንቧ ሥራ ሦስት ዓመት የተማርኩት ዝም ለማለት ነው?

ዓርብ፣ ኅዳር 5



ሲስተር መጣች። ማሞቂያውን ለኮስን። ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ቆመች፣ ሳቀች። ትንሽ ቆይቶ በሩ ጋ ውሃ... ካሳ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። "ሐጀራ ናት የገጠመችው" አለ፤ እኔን መሆኑ ነው። ሰው ሁሉ ፊት።

ፓላንኪኖ አነሳሁ። ጣውላውን ፈነቀልኩት። ውሃው ከሱ ቁራጭ ነው የሚወጣው፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ!

"ይቺን እኔ ነኝ የገጠምኳት? ንገራቸው።"

"ከግቢዬ ውጪ" አለ።

ወጣሁ። ሲስተር ተከተለችኝ። "አንቺ ራስሽ ልትሠሪው ትችያለሽ?" አለችኝ።

"እችላለሁ። ግን ሳልፈትሽ አልዘጋም።"

ተመልሳ ገባችና ተጎታቹን አስገፍታ አስወጣችው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ተጎታቹን አጎቴ ግቢ አስገባን፤ አንድ ወጥ ቧንቧ ዘረጋሁበት። ውሃ ሞልቼ ሁለት ቀን አቆየሁት። የግፊት መለኪያው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወለሉን ዘጋሁ። ዛሬ ሲስተር ወሰደችው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ያ ሰውዬ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ሲስተር ደወለች። ቅዳሜ አንዲት እናት ወለደች፤ ሴት ልጅ። ውጭ አመዳይ ጥሏል፣ እናትየው ከወለሉ አልነሳም አለች።

ከሰዓት ካሳ ራሱ ቤቴ መጣ። "የሲስተርን ማሞቂያ የሠራሁት እኔ ነኝ" እያለ እንደሚያወራ ሰምቻለሁ። ሌላ ጤና ጣቢያም ተጎታች ልኮለታል።

"ነይ እንጂ ሐጀራ፣ ያለፈው አለፈ።"

"በነዚያ ሰዎች ፊት ያልከኝን እዚያው ፊታቸው ውሸት ነበር ብለህ ታነሳዋለህ?"

ወደ በሩ ዞረ።

"እንግዲያው አልመጣም።"

ከሄደ በኋላ አለቀስኩ። በንዴት ነው። ከዚያ ለጤና ጣቢያው ራሴ ደወልኩ፤ ነገ ሊያነጋግሩኝ ነው።