መቅዘፊያውን ደብቄዋለሁ

ውድ ወንድምዓለም፣ በሞተችው እማዬ ይዤሃለሁ የዛሬውን እመነኝ። አውቃለሁ፣ የኔን ቁጥር ስታይ "ደግሞ ጀመራት" ብለህ ነው የማታነሳው። ባለፈው ታንኳው ባዶውን መጣ፣ አባዬ ሰጠመ ብዬ ሥራህን አስጥዬ ሳስበርርህ፣ ለካ ገመዱ ተፈቶበት ማዶ ቁጭ ብሎ ሱሪውን ያደርቃል። "አንቺ የራስሽ ጥላም ያስበረግግሻል" አልከኝ፣ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አፍሬ ሳቅሁ። ግን ወንድሜ ታንኳው እውነትም ባዶውን ነበር እኮ የመጣው። ያየሁትን ነው የነገርኩህ።

አሁን ግን ገና ሳይሆን ልንገርህ፣ አባዬ ዛሬ ሲመሽ ብቻውን በታንኳ ሐይቁ መሃል ጥልቁ ጋ ሊወጣ ነው።

ዓሣው እንቁላል በሚጥልበት ጊዜ እኛ መረብ እንደምንሰበስብ ታውቃለህ፣ ያኔ እትዬ በቆሎ እህል ይሰጡናል (አንተ ነህ ስሙን ያወጣህላቸው፣ አሁን ሰፈሩ ሁሉ እንደዛ ነው የሚጠራቸው)፣ የሳቸው ጎተራ ሲራቆት ደግሞ እኛ ዓሣ እንወስድላቸዋለን። ከድሮም እንደዛ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ በቆሎው አበባ ላይ ሳለ ጥሎት ሄደ፣ ቆሞ ደረቀ። ትናንት እትዬ ባዶ እጃቸውን መጥተው መግባት አፍረው በራችን ላይ ቆሙ። "ዘሩን እንኳ በላነው" አሉ። አባዬ "ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል፣ እንግዲህ ዘንድሮ ተረኛው እኔ ነኝ" አላቸው። ተረኛ! በምን? ቤት ያለው የደረቀ የዓሣ ጭንቅላት ብቻ ነው።

ሌሎቹማ ሸምበቆው ውስጥ ዓሣው የሚወልድበት ድረስ ገብተው መረባቸውን ጥለዋል፣ ሆዱ በእንቁላል የተወጠረ ዓሣ ተሸክመው ይመለሳሉ። እኔም ለመንኩት፣ አንድ ቀን ብቻ እንደ ሰው ጣል በናትህ አልኩት። "ምጥ ላይ ያለች ሴት ቤት በር አይሰበርም" አለኝ። እኛስ ታዲያ? ስለው "እኛማ ጥልቁ አለልን።" አለልን ይላል! ጥልቁ ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው፣ አንተ ትቀዝፋለህ እሱ ይስባል፣ ንፋስ ሲነሳ ታንኳውን ወደ ማዕበሉ የሚያዞር ሰው ከሌለ መረቡ ራሱ ይገለብጠዋል፣ ይሄን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ውሰደኝ፣ እኔ እቀዝፋለሁ አልኩት። "አንቺ ባልዲ ውስጥም ትሰጥሚያለሽ" ብሎ ሳቀብኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳይስቅ "አንድ ሰው ቤት ይቅር" አለ።

ምን ላድርግ፣ መቅዘፊያውን ደበቅሁት። ጠዋት እሱ ሳይነሳ ወስጄ እትዬ ማሳ ላይ የተከመረው አገዳ ውስጥ ከተትኩት፣ ሲያጣው ይተወዋል ብዬ። ጣራው ሥር አየ፣ ታንኳው ሥር አየ፣ እኔን ግን አንድ ቃል አልጠየቀኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ገባና አልጋህ ላይ የከመርኩትን መረብ አወረደ። እኔ ነኝ የምከምረው፣ ባዶ እንዳይሆን ብዬ፣ መብራት ሳጠፋ ሰው የተኛበት ይመስለኛል። ከዛ ፍራሽህን ጠቀለለና የአልጋውን የጎን ጣውላ ነቀለው። ያንተን አልጋ! እንግዳ ሲመጣ እንኳ "ባለቤቱ ይመጣል" እያለ ሰውን መሬት ነበር እኮ የሚያስተኛው።

ይሄን ስጽፍልህ ደጅ ቁጭ ብሎ ጣውላውን በመጥረቢያ መቅዘፊያ አድርጎ እየጠረበው ነው። እጀታው ወጥቷል፣ አሁን አፉን እያሳሳ ነው። የአልጋ እንጨት ደግሞ ደረቅ ነው፣ ማዕበል ሲመታው ይሰነጠቃል። አባስኩት መሰለኝ ወንድሜ። ደህናውን ብመልስለት ይሄዳል፣ ባልመልስለትም በዚሁ ይሄዳል። የምጠይቀው ሰው የለኝም፣ የጎረቤቶቹም ልጆች እንዳንተው ሄደዋል፣ እትዬ ጋ ሄጄ ብናገር በኔ ምክንያት ነው ብለው ያለቅሳሉ።

ይሄን ወረቀት የዓሣ መኪናው ሾፌር ያመጣልሃል። የሸምበቆውን ዓሣ ጭኖ እናንተ ጋ ነው የሚያራግፈው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ። እየው አሁንም ጥሩንባ ይነፋል፣ "ነይ አንቺ፣ የምትጽፊው ለንጉሥ ነው እንዴ?" ይለኛል።

ና አልልህም፣ ብትነሳም አትደርስም። ደውል ብቻ። እኔን አይሰማኝም፣ ያንተን ድምፅ ሲሰማ ግን ቆሞ አያወራም፣ የያዘውን ጥሎ ቁጭ ይላል፣ አንተ አታየውም እኔ ነኝ የማየው። አልጋዬን ለምን ነካህ ብለህ ተቆጣው፣ ተጣላው፣ ምን ላይ ልተኛ ነው ስመጣ በለው። ብቻ ወሬውን አስረዝመው። የምሽቱ ንፋስ ገና መሬት ላይ እያለ ተነስቶ ካገኘው ራሱ አይወጣም፣ እስከዛ ያዝልኝ። ከዛ በኋላ እንደ ፈለግህ ሳቅብኝ።

ስልኩን እጄ ላይ ይዤ ደጅ እቀመጣለሁ፣ ከአባዬ አጠገብ። ሳይጨልም ደውልልኝ።

ፈሪዋ እህትህ